አራተኛው ቁራሽ

አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች አሉ። አንድ መናኸሪያ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ሁለት ጠጅ ቤትና ቁጥሩ የማይታወቅ ጠላ ቤት ያላት። ዘመኑ የጓድ ዘመን ነው፤ ቀበሌ ሁሉ የኪነት ቡድን ያቋቋመበት፣ ክራር መነካካት የሚችል ጎረምሳ ሁሉ የተመለመለበት ዘመን። የዚህችም ከተማ ቀበሌ የራሱ ቡድን ነበረው። አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ ከወረዳ በውሰት የመጣ ማይክሮፎን፣ እና ሰው ከየቤቱ በርጩማ ይዞ የሚመጣበት አንድ አዳራሽ።

የአብዮት በዓሉ መስከረም ሁለት ሲቃረብ ካድሬው ቡድኑን ሰበሰበና «ዘንድሮ ዘፈን ብቻውን አይበቃም። ተውኔት ይቅረብ። መልእክት ያለው» አለ።

መልእክት ያለው ሲባል ሁሉም ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ አማርኛ አስተማሪ ነው፤ በየበዓሉ ግጥም የሚያነበው እሱ ነው። ኩራዝ አብርቶ ሌሊቱን እያጋመሰ ጻፈና ሰብስቦ አነበበላቸው። ገጸ ባሕርያቱ እነዚህ ነበሩ፦ እናት አገር። ገበሬ። ላብ አደር። ወታደር። ድህነት። ድንቁርና። ታሪኩ አጭር ነው። ድህነትና ድንቁርና እናት አገርን በገመድ አስረዋት ትታያለች፤ ሦስቱ ልጆቿ መጥተው ይፈቷታል፤ እሷም እንጀራ አንሥታ ለሦስቱ እኩል ትቆርሳለች፤ መጋረጃ። እንጀራው ሀብት ነው። መቁረሱ እኩልነት ነው። ነጠላዋ ሰላም፣ መቀነቷ አንድነት። መምህሩ ሳይተረጉም የተወው ነገር ቢኖር የአዳራሹን ጣሪያ ብቻ ነበር።

አናጺው እጁን አወጣ። የመድረኩ ሥራ የእሱ ነው።

«መምህር፣ ይቺ ሴት የት ነው የምትኖረው?»

«የትም። አገር ናት እኮ።»

«የትም የማትኖር ሴት እንጀራ ከየት ታመጣለች?»

መምህሩ እንጀራውን ከካርቶን ቆርጦ ቀለም ሊቀባው አስቦ ነበር። አናጺው በካርቶን ሐሳብ ተቆጣ። በር ሲሠራ ሰው የሚገባበትን በር፣ አልጋ ሲሠራ ሰው የሚተኛበትን አልጋ ነው የሚሠራው፤ ለመምሰል ብቻ የሚሠራ ነገር አያውቅም። ጭቃ አስቦክቶ መድረኩ ላይ መደብ ሠራ። ጉልቻ ተከለ። ምጣድና አክንባሎ አመጣ። ሚስቱን ለምኖ የሠርጓን መሶብ አስወጣ። ሊጥም አስቦካ።

ለግምገማ ጎረቤቱ ተጠራ። የእናት አገርን ቦታ የያዘችው ድምፀ መልካም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እሳቱ ተቀጣጠለ፤ ጭሱ አዳራሹን ሞላው። ድህነት ሳል ይዞት ቃሉን ረሳ። ድንቁርና ዐይኑን እያሸ ግድግዳ ገጨ፤ ሰው ሆን ብሎ ነው ብሎ አጨበጨበለት። ሴቶቹ ግን ከምጣዱ ላይ ዐይናቸውን አላነሡም።

«ምጣዱን አስሺው እንጂ!»

«አክንባሎውን ክፈቺው፣ አረረብሽ!»

«ኧረ ማን ነው እንዲህ ያሳደጋት!»

ያን ቀን እናት አገር በማን እንደታሰረች፣ በማን እንደተፈታች ያስተዋለ አልነበረም። እንጀራው ዐይን እንዳላወጣ ግን ከተማው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ልጅቷም ጣቷን ተቃጥላ ነበርና እናቷ መጥታ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

መምህሩ «አላልኩም?» አለ። አናጺው «ልጅቷ አትችልም እንጂ ምጣዱ ምን አደረገ?» አለ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ቡድኑም ለሁለት ተከፈለ። ክራር መቺው ከመምህሩ ወገነ፤ ከበሮ መቺው ከክራር መቺው ጋር ስለማይስማማ ከአናጺው ወገነ። በመጨረሻ ታረቁ፤ እሳቱ ይጥፋ፣ ምጣዱ ይውጣ፣ መደቡና መሶቡ ግን ይቆዩ፣ እንጀራውም እውነተኛ ይሁን ተባለ። የጎደለው እናት አገር ብቻ ነበረች። አናጺው ሄዶ ከአዳራሹ ጀርባ ጠላ የሚሸጡትን ሴትዮ ይዞ መጣ። ነጠላቸው ነጭ ነበር። መምህሩ የተስማማው በነጠላው ነው።

«እማማ፣ እርስዎ እናት አገር ነዎት» አላቸው።

«እሺ ልጄ። ስንት ልጅ አለኝ?»

«ሦስት።»

«ባሌስ?»

«አገር ባል የላትም፣ እማማ።»

«በስመ አብ! ሳላገባ ሦስት?»

ቡድኑ ሳቀ፤ መምህሩ አልሳቀም።

«ታላቁ የቱ ነው?»

መምህሩ ጽሑፉን አገላበጠ። «እኩል ናቸው።»

«መንታ ናቸው?»

«አይደሉም። እኩል ናቸው።»

«እሺ። ሁሉም ቤት ናቸው?»

«ሁሉም መድረኩ ላይ ናቸው።»

«ሁሉም?» አሉና ሴትዮዋ አናጺውን አዩት። አናጺው መዶሻውን አየ።

ልምምዱ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀጠለ። የሁሉም እጅ ገባበት። ክራር መቺው ድህነት ሲገባ የሚመታ አንድ ዜማ ጨመረ። ድንቁርና ዐይኑ በጥቁር ጨርቅ እንዲታሰር ጠየቀና ተፈቀደለት። ወታደሩ ከአብዮት ጥበቃ እውነተኛ ጠመንጃ ተውሶ መጣ፤ ጥይቱን አስወጡት። መምህሩ የመጨረሻዋን ግጥም ስምንት ስንኝ አደረሳት። ሴትዮዋ በየቀኑ ጠላቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ይመጣሉ፣ የተባሉትን ያደርጋሉ፣ ግጥሟን አንድ ቀን ከመሃል አንድ ቀን ከመጨረሻ ጀምረው ይሏታል፣ ይሄዳሉ። ጎበዝ ናቸው ያለም ሰነፍ ናቸው ያለም አልነበረም።

መስከረም ሁለት ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ካድሬው ከፊት ተቀመጠ። ድህነት ገባ፣ ዜማው ተመታ፣ ሕፃናት ጮኹ። ድንቁርና ጨርቁ ወርዶበት እያየ ሄደ። እናት አገር ታሰረች፣ ተፈታች። እንጀራ የመቁረሱ ሰዓት ደረሰ።

ሦስቱ ልጆች ማረሻ፣ መዶሻና ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። በጽሑፉ መሠረት እናት አገር እንጀራውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ ማሳየትና ስምንቱን ስንኝ ማለት አለባት። ሴትዮዋ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ውሃው በጣሳ መደቡ ሥር ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም። እጃቸውን አራገፉና ልጆቹን ዘወር ብለው አዩዋቸው።

«ምን ትገተራላችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። ልጆቹ ተያዩና ተቀመጡ። ወታደሩ ጠመንጃውን የሚያደርግበት ጠፋው።

«ከበሩ ኋላ» አሉት።

ሄዶ ከበሩ ኋላ አስደግፎ ተመለሰ። የመሶቡን ክዳን አነሡ። ቆረሱ፤ ለገበሬው ሰጡት። ቆረሱ፤ ለላብ አደሩ። ቆረሱ፤ ለወታደሩ። እጃቸው ላይ አንድ ቁራሽ ቀረ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ አራተኛ አልጻፈም። የራሳቸው ድርሻ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ሴትዮዋ ግን አልቀመሱትም። አንዴ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና መድረቅ የጀመረውን ወገን ወደ ውስጥ መለሱት። ሣህን ላይ አደረጉት፤ በሌላ ሣህን ከደኑት። ከመደቡ ራስጌ፣ ድመት ከማትደርስበት ጥግ ገፋ አድርገው አስቀመጡት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ጀርባቸው ለሕዝቡ ነበር። ከዚያ ተመለሱና «ብሉ እንጂ» አሏቸው። ስምንቱ ስንኝ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ከመካከል አንዲት ሴት «ይምጣልሽ!» አለች።

ለማን እንዳለችው፣ ማን ይምጣ እንዳለች ማንም አልጠየቃትም። ከግድግዳው በኩል ሌላዋ «ይምጣልሽ እቴ!» አለች። ከወንዶቹ ወገን «አሜን» ተባለ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ሆነ። በዚያ አዳራሽ ልጁ ግንባር የሄደበት ነበር። ልጁ ጫካ ገብቶበት ስሙን በቤቱ እንኳ በሹክሹክታ የሚጠራ ነበር። በሱዳን በኩል ወጣ የተባለለት ነበር። ከቀይ ሽብሩ ወዲህ ወሬው የጠፋበት፣ ሞቷል ብሎም እንዳያለቅስ የተከለከለ ነበር። እነዚህ ሁሉ በርጩማቸውን አጠጋግተው ተቀምጠው፣ የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ቢያገኘው የሚገድለው ሆኖ ሳለ፣ አንድ ላይ «አሜን» አሉ።

በማግስቱ ካድሬው ሴትዮዋን አስጠራ።

«እማማ፣ ያ ያስቀመጡት ቁራሽ የማን ነው?»

«የልጄ ነው፣ ጓድ።»

«ሦስቱም በልተዋል።»

«የአራተኛው ነው።»

«አራተኛው የት ነው ያለው? ግንባር ነው? ወይስ ከወንበዴው ጋር ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ሲመጣ እንጠይቀዋለን።»

ካድሬው እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። የሚጽፈው አጣ። እንጀራ አስቀመጡ ብሎ ሰው አይከሰስ። ግጥም ቢሆን ስንኙን አስምሮ ያሳይ ነበር፤ እዚህ የሚሰመርበት ነገር የለም። ሆኖም ብልህ ሰው ነበርና መፍትሔው አልጠፋውም። መምህሩን ጠርቶ «መልእክቱ ግልጽ ይሁን» አለው።

ስለዚህ በሁለተኛው ምሽት ቁራሹ ሲቀመጥ አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ይዞ «ይህ ድርሻ በግንባር ለተሰለፈው ጀግናው ወንድማችን ነው!» አለ። የስብሰባ ጭብጨባ ተጨበጨበ፤ አንድ ላይ ጀምሮ አንድ ላይ ቆመ። ከሴቶቹ ገሚሶቹ ጉልበታቸውን ያዩ ነበር። አናጺው ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አይታየውም ብሎ ለቁራሹ ሳጥን ሠራለት፤ ጥሩ ሳጥን፣ ማጠፊያ ያለው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። መምህሩ ስምንቱን ስንኝ አስመልሶ ስለ ሳጥኑ ሁለት ጨመረበት።

ለሦስተኛው ምሽት ሴትዮዋ አልመጡም። አናጺው ቢሄድ ጠላ ሲጠምቁ አገኛቸው።

«ምነው እማማ?»

«ባለቤቱ ከታወቀ እናቱ ታስቀምጥለት» አሉት።

የዘጠነኛ ክፍሏን ተማሪ መለሷት። ምጣዱ ስለወጣ እናቷም ፈቀደች። ልጅቷ በሁለቱም ምሽት ከፊት ተቀምጣ አይታ ነበርና አንድም ሳታስቀር አደረገችው። እጇን ታጠበች። «ተቀመጡ» አለች። ጠመንጃውን ከበሩ ኋላ አስደረገች። አራት ቆረሰች። አንዴ አጠፈች፤ ደግማ አጠፈች። ሣህን፣ በላዩ ሣህን፣ ከዚያ ሳጥን። ፊቷ ወደ ሕዝቡ ነበር፤ ዐይኗም እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያምርባት ነበር። ጠርዙን ብቻ አልመለሰችውም። ምን ብላ ትመልሰው? ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፤ ማንም አይበላው።

«ይምጣልሽ» ያላት ሰው አልነበረም። ትርኢቱ ሲያበቃ የአናጺው ትንሹ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ እንጀራውን በላው አሉ። ደርቆ ነበር።

እንግዲህ ተረቱ ይህ ነው። ሴትዮዋ በእውነት የጠፋ ልጅ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ተረቱ አይናገርም፤ እኔም ቢጨመርበት ይበላሻል ባይ ነኝ።

የእኛ መድረክ ከመነሻው ይህን የመምህሩንና የአናጺውን ክርክር ሲከራከር የኖረ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ ያናገሩት እንስሳትን ነበር። በእንስሳ አፍ ቢነገር ይቀላል ብለው ይሆናል። ታዳሚው መኳንንትና ሹማምንት ነበር፤ የትኛው አውሬ የትኛውን ሹም እንደሚመስል ለመገመት ብዙ አልተቸገረም። ተውኔቱ ታገደ። ያን በር መጀመሪያ የከፈቱትን ሰው ልነቅፍ አይደለም፤ ያለ እሳቸው የምንከራከርበት መድረክም ባልነበረ። ነገር ግን አውሬው ከሹሙ ሌላ የሚያሳስበው የራሱ ነገር ከሌለው፣ መፍቻው አንድ ብቻ ይሆናል፤ መፍቻውን ያገኘ ሁሉ ያስረዋል። ካድሬው በሴትዮዋ ፊት ያጣው ይህንን መፍቻ ነበር።

ከአገራችን ውጭም አንድ ላንሣ። የበርቶልት ብሬሽት «ማዘር ከሬጅ» እ.ኤ.አ. በ1949 በርሊን ላይ ሲታይ እናቲቱን የተጫወተችው ሚስቱ ሄሌና ቫይግል ነበረች። ብሬሽት ትርጉምን የማይፈራ ሰው ነው፤ ጦርነት ንግድ መሆኑን ተመልካቹ እንዲያስብበት አጥብቆ ይፈልጋል፤ መድረኩ ላይ ጽሑፍ እስከ መስቀል ይደርሳል። እናቲቱ በጦርነቱ እየነገደች ልጆቿን አንድ በአንድ ታጣለች። በመጨረሻው ትዕይንት የሞተች ልጇን እንዲቀብሩላት ለገበሬዎቹ ገንዘብ ትከፍላለች። ቫይግል ከከረጢቷ ሳንቲሞቹን ታወጣለች፤ ታያቸዋለች፤ አንዷን መልሳ ትከታለች፤ የቀረውን ትሰጣለች። ብሬሽት በማስታወሻው አስፍሯታል ያችን ሳንቲም። ስለ ጦርነትና ስለ ትርፍ ሊባል የሚችለው ሁሉ እጇ ላይ አለ፤ እሷ ግን እየቆጠረች ነው፣ ነገ የምትበላው የላትም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ»ን ለአማርኛ መድረክ ያበቃው ከዚሁ ተውኔት ተነሥቶ ነው፤ እዚህም እናት ሲባል አገር ማለት እንደሆነ ለተመልካቹ የሚያስረዳው አላስፈለገም።

ዛሬ ተከታታይ ድራማ በቡድን የሚጽፉ ልጆች አውቃለሁ። ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «እሷ ማንን ነው የምትወክለው?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ካድሬውም ጠይቆታል። እኔ የምመኘው ከዚያ በፊት አንዱ ደፍሮ «ታላቁ የቱ ነው?» እንዲል ነው፤ እንደሚሳቅበትም አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን መምህሩን የቂል ሚዛን ላይ አስቀምጬው ብሄድ ግፍ ይሆንብኛል፤ ተረቱን ሲሰሙ ሁሉም በእሱ ይስቃሉ። አናጺውም ቢሆን ጭስ ያስገባ ሰው ሆኖ ቀርቷል። እንጀራው ካርቶን ቢሆን ኖሮ እኮ የሚደርቅ ጠርዝ ባልነበረው፤ መደቡ ባይኖር ራስጌ ባልነበረው። ሴትዮዋን ለብቻቸው ጠላ ቤታቸው ውስጥ ብንተዋቸው ደግሞ ምናልባት በየማታው ያንኑ ያደርጉ ነበር፤ ማንም ቆሞ አያያቸውም። እናት አድርጎ መድረክ ላይ ያቆማቸው፣ እንጀራ ያስያዛቸው፣ ልጆቹን በቁጥር ያስቀመጠ መምህሩ ነው። ሦስት ብሎ ባይጽፍ አራተኛውን ማን ይቆጥረው ነበር?